ታኮ

ሐረጎ ላይ ነበር፣ ሌሊት አሥር ሰዓት፣
ኮምቦልቻን ከታች ጥለን ስንቧጥጥ ዳገት፣
የተሳቢው ጎማ ፈንድቶ ቆምን በድንገት።

«ውረድ!» አለኝ ሙሄ፣ «ቶሎ በል፣ ታኮ!»
ዘልዬ ወረድኩኝ፤ ጉም ነው፣ አይታይም እኮ፤
ድንጋዩን በእጄ እንጂ በዓይኔ አላገኘሁም፤
አንድ ከጎማው ሥር ወተፍኩ፣ ሁለት፤ አልበቃኝም፤
ከኋላም አራት ያህል አስፋልቱ ላይ ደረደርኩ፣
የሚመጣ እንዲያይ ብዬ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆረጥኩ።

ጎማው ተቀየረ። ሙሄ ሞተር አስነሣ።
«ግባ!» አለኝ በመስኮት። ድንጋዩን ማን ያንሣ?
የጫንነው ማዳበሪያ ነው፣ ሁለት ቀን የዘገየ፤
እግሬን ወደ ጋቢና ስሰቅል፣ አንድ ሰው ከጉሙ ታየ።

ባለ አንድ ጎማ ጋሪ፣ እየተንቋቋ፣ ይገፋል፤
ከአንገቱ የታሰረ ባትሪ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል።
«ጨርሳችኋል?» አለን። ሰላምታ አላስቀደመም።
ጎንበስ ብሎ ለቀመ፤ ጠጠሯን እንኳ አልተወም።
ሙሄ ያውቀዋል መሰለኝ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገ፤
«አራጋው ይመር» አለኝ፤ ቀጥሎ ቃል ፈለገ።

እኔ አፈ ፈጣኑ ቀደምኩ፦
«ልጅህን እዚህ ነው አሉ፣ መኪና የበላብህ?»
«ልጅ የለኝም» አለ። «ደግሞ ልጅ ሰጡኝ? እነማን ናቸው የነገሩህ?»

ድንጋይ ጋሪው ላይ ሲያኖር እንቁላል የሚያኖር ይመስላል።

«ረዳት ነበርኩ፣ እንዳንተ፤ ያኔ መንገዱ የአሰብ ነው።
ይቺው ኩርባ ናት። ዝናብ። የኛ መኪና ኤንትሬ፤
አንድ ታኮ አደረግሁ፣ አንዲት፣ ከቦዩ ዳር ቆፍሬ።
ሾፌሩ ቸኮለና ክላክስ ነፍቶ ሲጣራ፣
ሮጥኩ። ድንጋዩ ቀረ፣ ከጨለማው ጋራ።

ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ለሰኞ ገበያ የወጡ…
ስንት እንደነበሩ አልነግርህም።
ቁጥሩ የኔ ነው።

መዝገቡን ብታየው ‹ፍሬን በጠሰ› ይላል፤
ዳገት ለሚወጣ መኪና ፍሬን ምን ያደርግለታል?
ለቅሶ ቤት ‹የአላህ ቁጥር ነው› ሲሉ፣ እኔም አብሬ
አሜን አልኩ። ያ አፈር ገና ጥፍሬ ውስጥ ነበር። አፍሬ
ዝም አልኩ። ዝምታው ይኸው፣ በስተርጅና፣ ጋሪ ሆነ።»

«አብሽር» አለው ሙሄ።
«አብሽር ታኮ አይሆንም» አለ።

ሙሄ ጅዳ ሦስት ዓመት ነድቷል፣ ፖርት ሱዳንንም ያውቃል፤
«እዚያ» ይላል፣ «ቀይ ሦስት ማዕዘን ከኋላህ ይቆማል፣
ያላቆመ ሰው ቅጣቱ በስልኩ ይመጣለታል፤
ሀገሩ ሥርዓት አለው።»

አራጋው ሣቀ፤ ጥርሱ ጥቂት ነው።
«ሀገሩ! ሦስት ማዕዘኑ ምንድን ነው? ቆርቆሮ ነው፣
ቀለም ነው። ተመልሶ የሚያነሣው ግን ሰው ነው።
ድንጋይ እንደሁ ታርጋ አያነብም፤
የጅቡቲ ነህ፣ የሱዳን ነህ፣ ኮድ ሦስት ነህ ብሎ አይለይም።»

የት እንደሚወስደው በመብራታችን አየሁ፦
ገደሉ አፍ ላይ ካብ አለ፤ በጉልበቴ ለካሁ፤
ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ታኮ በታኮ ላይ ነው፤
አንዳንዱን የጎማ ጥቁረት እስካሁን አለቀቀው።

ሲጨርስ አንዱን መለሰ።
የኔን። በምን እንዳወቀው እንጃ።
«ይህ ያንተ ነው» አለኝ፣ «ይዘኸው ሂድ።»

ዛሬ በሽቦ ታስሮ ከተሳቢው ሥር ይንጠለጠላል፤
ስንቆም እሱ ይወርዳል፣ ስንነሣ ይሰቀላል፤
ብረሳው እንኳ፣ አስፋልቱን እያንኳኳ ይከተለኛል።
ጋላፊ ላይ የጉምሩኩ ልጅ በጫማው መታ ያደርገውና
«ይህስ የማን ነው? ሰነድ አለው?» ይለኛል።

«የግሌ ነው» እላለሁ።